የታረቁ ሰዎች የት ይጻፋሉ?

ጡረታ የወጣሁት የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት በጸደቀ በወሩ ነው። በማግስቱ ጎረቤቴ ወይዘሮ በላይነሽ የቀጨኔን ዳገት ስወጣ አገኙኝና እንኳን ደስ ያለህ ብለው፣ ለዓመታት ሳይጠይቁኝ የቆዩትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው? አስተማሪ አይደለህ።»

«አስተማሪዎቹና ሠራተኞቹ ሠራን ያሉትን እጽፍ ነበር።»

«እነሱ መጻፍ አይችሉም?»

«ይችላሉ። እውነት መሆኑን የማየው እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ብዙ ጠላት አፍርተሃል» አሉና ዳገቱን ቀጠሉ።

ጠላት እንኳን ብዙ የለኝም። ያለኝ አንድ ስሕተት ነው። ሥራዬ የሌሎችን ስሕተት በቅደም ተከተል ማስፈር ስለነበረ፣ የራሴንም በዚያው መንገድ አሰፍረዋለሁ።

የጀመርኩት በዘጋቢነት ነው። የዩኒቨርሲቲያችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በየወሩ ለሚያወጣው ጋዜጣ ምርቃት፣ ዐውደ ጥናትና የችግኝ ተከላ እዘግብ ነበር። አዘጋጃችን ስምና ማዕረግ ሦስት ጊዜ ካልታየ ጽሑፍ አይቀበሉም ነበር፤ እኔም ያንን ልማድ ይዤ ቀረሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዕቅድና አፈጻጸም ክትትል ክፍል ሪፖርት መጻፍ የሚችል ሰው ፈለገ። ሦስት መስመር የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ደመወዜም እዚያው እንደነበረ ቀረ። ከጋዜጣው ክፍል ወደ ዕቅድ ክፍል የሚወስደው ደረጃ አሥራ ሁለት እርከን ነበረው። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ በሙሉ እዚያ አለፈ።

ክፍሉን የሚመሩት አቶ መኩሪያ ነበሩ። ጉለሌ ተወልደው ጉለሌ ያደጉ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከመኪና ይልቅ እግራቸውን የሚያምኑ ሰው። ጠረጴዛቸው ላይ በምላጭ የተቀረጹ እርሳሶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከየክፍሉ የሚመጣውን ቁጥር በሙሉ በእርሳስ ይጽፉታል። በብዕር የሚያደምቁት ሄደው ያዩትን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ሊታተም አንድ ቀን ሲቀረው ገና በእርሳስ ያለ ቁጥር ካለ ኮታቸውን ደርበው ይወጣሉ።

አካሄዳቸውም ሥርዓት ነበረው። እንደሚመጡ አስቀድመው አይናገሩም። መጀመሪያ ከጥበቃው ጋር ያወራሉ፤ ቀጥለው ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር፤ ኃላፊው ዘንድ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው።

«ኃላፊው የሚነግርህ የታቀደውን ነው፤ ጥበቃው የሚነግርህ የሆነውን» ይሉኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመቴ ያየሁትን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ለተማሪዎች ማደሪያ የተሠራ መጸዳጃ ቤት በሪፖርት ላይ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ተብሎ መጣ። ሄድን። በሩ ተቆልፏል።

«አልቋል ወይ?» አሉት ጥበቃውን።

«አልቋል።»

«ታዲያ ለምን ተቆለፈ?»

«ውሃ የለውማ!»

መሐንዲሱ ቢሮ ገባን። ሰውየው አልተደናገጠም። «አቶ መኩሪያ፣ የኔ ዕቅድ ላይ የተጻፈው ግንባታ ነው። ውሃ የሌላ ክፍል ዕቅድ ነው» አለ።

«ልክ ነህ» አሉት በእርጋታ። «ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። የሚቸገረው ተማሪ ግን አንድ ሰው ነው።»

ሪፖርቱ ላይ «ተገንብቷል፤ አገልግሎት አይሰጥም» ብለው በብዕር ጻፉ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ተቆጡ። ውሃው ግን ብዙ ሳይቆይ ገባ። ወደ ቢሯችን ስንመለስ መሐንዲሱን ስወቅስ ሰሙኝና፣ «ሰውየውን ተወው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው ቅጹ ሲያስገድደው ነው» አሉኝ። ይህንን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አቶ መኩሪያ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ተተካሁ። ኮምፒውተር መጣ፣ ውጤት ተኮር የሚባለው ሥርዓት መጣ፣ ስማቸው የሚለዋወጥ ሥልጠናዎች መጡ። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ ሆነ። ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ ቀድሞ በጀቱ ከመንግሥት በየርዕሱ ተቆርጦ ይመጣል፤ እኛም ወደ ላይ ሪፖርት እንልካለን። ራስ ገዝ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገንዘብ ራሱ ያስተዳድራል፣ ከፊሉን ራሱ ያገኛል፣ ለሥራ አመራር ቦርዱም በአፈጻጸም ውል ይጠየቃል። ስለዚህ ስትራቴጂያዊ ዕቅዱ ከፕሬዚዳንቱ ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ማዕከልና ወደ ሠራተኛ ይወርዳል። እያንዳንዱ ክፍል የሚለካባቸው ጥቂት አመልካቾች ይሰጡታል። በየሩብ ዓመቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ስክሪን ላይ ይታያል። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀይ የሆነ ክፍል ከሌላ ጋር ይታጠፋል ወይም ይዘጋል፤ የዚህን ደንብ ረቂቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሥርዓቱን ለመውቀስ አይደለም። ከእሽግ ሳይወጡ የቆዩ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች የተፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያማክራቸው አጥተው የቆዩ ተማሪዎች ስማቸው ስክሪን ላይ ሲወጣ አማካሪ አግኝተዋል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓይኔን የነፈግሁት ሌላ ነገር ነበር። ክፍሎቹ በዙ፤ ጉልበቴም ዳገት ማማረር ጀመረ። በእግር መሄድ ተውኩ። በምትኩ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ «የተፈረመ ማስረጃ ያልተያያዘበት ክንውን እንደ ዜሮ ይቆጠራል» የሚል። ቅጹንም ራሴ አዘጋጀሁት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። አቶ መኩሪያ አንድ በአንድ እየዞሩ የሚያረጋግጡትን፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ላረጋግጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የሕግ ኮሌጃችን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው። ማዕከል ይባል እንጂ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለው። የምትመራው ወይዘሮ ትርሲት የምትባል የሕግ ባለሙያ ናት። የሚመጡት ጠበቃ መቅጠር የማይችሉ ሰዎች ናቸው፤ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ እንጨት ለቃሚዎች፣ ተከራዮች። ከኮሌጁ የወረደላት አመልካች «ፍርድ ቤት የቀረበ መዝገብ ብዛት» ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ቀይ ሆነች። ወዲያው ቢሮዬ መጣች።

«ጋሽ ተፈራ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የታረቁ ሰዎች የት ነው የሚጻፉት?»

«የታረቁ ማለት?»

«እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ነው የሚያልቁት። ሕጉን አስረዳቸዋለሁ፤ የሠፈሩን ሽማግሌዎች እጠራለሁ፤ ተሟግተው፣ ተለቃቅሰው፣ ጉልበት ተሳስመው ይሄዳሉ። ቅጽህ ላይ ግን ቦታ የላቸውም።»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። «በስምምነት ያለቀ ጉዳይ» የሚል አዲስ ረድፍ ጨመርኩላት። «ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት ቅጽ ግን ይያያዛል» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ጋሽ ተፈራ፣ ሽማግሌ ፊት የታረቀን ሰው ፈርም አይሉትም። ምነው፣ አልታመንኩም? ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹም ይቀየማሉ፤ ምስክሮቹ እነሱ ናቸዋ።»

«ትርሲት፣ ያለ ማስረጃ አረንጓዴ ላደርግሽ አልችልም። ለአንቺ ካደረግሁ ለሁሉም ማድረጌ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ሁለተኛ ቀይ ከሆንሽ ይታጠፋል።»

ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ያን ቀን ምሳዬን በልቼ፣ ሥራዬን በሰዓቱ ጨርሼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሯ ማደግ ጀመረ። ያደገው ግን አዲሱ ረድፍ አልነበረም፤ የፍርድ ቤት መዝገቡ ነው። የዘጠኝ ወሩን ሪፖርት ስጽፍ ማዕከሉ አረንጓዴ ነበር። ረቂቁ ላይ «ማዕከሉ ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁ ለክፍሎች በተላከ በሁለተኛው ቀን ትርሲት መጣች፤ አልተቀመጠችም።

«ይህን ዓረፍተ ነገር አውጣልኝ።»

«ምስጋና እኮ ነው።»

«የምን ምስጋና እንደሆነ ልንገርህ?»

ነገረችኝ። አበራ የሚባል ሸማኔና እኅቱ አስካለ ከወላጆቻቸው በወረሱት ግቢ አብረው ይኖራሉ። እሱ ይሸምናል፤ እሷ ትፈትላለች፤ የሚሸምንበት ማግ የእሷ እጅ ሥራ ነው። የሽመና ቤቱን ለማስፋት ሲል በእሷ በር የሚያልፈውን መተላለፊያ ሊይዘው ፈለገ፤ ተጣሉ። ሽማግሌዎች ሦስት ቅዳሜ ተቀመጡ። መተላለፊያው ለእሷ ይቅር፣ እሱ በጓሮ በኩል ይስፋ ተባለ። ታረቁ። አበራ ታላቅ ወንድም ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብሎ እኅቱን ሳመ። ትርሲት ይኼኔ የእኔን ቅጽ አወጣች።

«አበራ ወረቀቱን አየው። ‹ይሄ ለምንድነው?› አለኝ። ለዩኒቨርሲቲው ነው አልኩት። ‹ዩኒቨርሲቲ ከእኔና ከእኅቴ ምን አለው?› አለ። ወደ አስካለ ዞሮ ‹አንቺ ነሽ ያስደረግሽው፤ ነገ ልትከሽኝበት ነው› አላት። እሷ ምንም አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። በሳምንቱ መተላለፊያውን ማፍረስ ጀመረ። ምን ላድርግ? መዝገብ ከፈትኩ። እንደዚህ የፈረሱት እርቆች ሦስት ናቸው። አረንጓዴ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው፣ ጋሽ ተፈራ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ የተሳሳተ ቁጥር አይቻለሁ። ይህኛው ግን ስሕተት አልነበረበትም። መዝገቦቹ አሉ፣ ተቆጥረዋል፣ ማስረጃቸው ተያይዟል። ጠቡን የሠራው የእኔ ቅጽ ነው፤ ቅጹ የሠራውን ጠብ ደግሞ ስክሪኑ ሥራ ብሎ ቆጠረው።

በነጋታው አቶ መኩሪያ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እኅትየዋን ሄደህ አየሃት?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያ ለምን መጀመሪያ እኔ ጋ መጣህ?»

 ከዚያው ተነሥቼ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ።

አስካለ ደጃፏ ላይ እንዝርት ይዛ ተቀምጣለች። ፍርድ ቤቱ መተላለፊያው እንዳይነካ አዟል፤ አበራም አልነካም። ዳር ዳሩን ግን ከሰው ቁመት በላይ በቆርቆሮ አጥሮታል። የምትገባበትና የምትወጣበት እንደ ቦይ የጠበበ መንገድ ሆኗል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ወረቀቱ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፤ እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ወጣት መስለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው ልጅ ነው ብዬ።» እንዝርቷን አዞረች። «መንገዴን አግኝቻለሁ፤ ትርሲት እግዜር ይስጣት። ወንድሜ ግን ማግ ከሌላ ሰው ነው የሚገዛው። የእኔን ክር በእጁ ሲነካው ያውቀዋል፤ ከሃያ ክር መሐል ይለየዋል። አሁን የሰው ክር ነው የሚሸምነው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ ምን አለኝ» አለች። «ወንድሜን ይመልሱልኝ ብልዎት አይችሉ።»

ወደ ማዕከሉ ወርጄ ለትርሲት አንድ ነገር ግልጽ አደረግሁ። ሦስቱን መዝገቦች ካወጣኋቸው ማዕከሉ ቀይ ይሆናል፤ ሁለተኛ ቀይ ማለት መዘጋት ነው። ዝም ብል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል፤ ማንም አያውቅም። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እነዚህን ሰዎች የት እልካቸዋለሁ?»

«አላውቅም።»

ረጅም ጊዜ አላሰበችም። «አውጣቸው። በሰው ጠብ እየተመሰገንኩ ከምኖር ቢዘጋ ይሻለኛል። ደግሞ አረንጓዴ ሆኜ ልቀጥል ብል በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ የበለጠ ጠብ ያስፈልገኛል።»

በዩኒቨርሲቲው ካውንስል ስብሰባ ላይ ሪፖርቱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ማዕከሉ ላይ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ትክክል አይደለም አልኩና ምክንያቱን ተናገርኩ።  የሕግ ኮሌጁ ዲን «በገዛ እጃችን ራሳችንን ቀይ እናድርግ?» አሉ። አንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት «ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሁለት ቀይ ከሆነ ይታጠፋል» አሉ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ልከራከራቸው አልቻልኩም።

ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ተፈራ፣ ሰው መታረቁን ታዲያ በምን እንለካለን?»

«ከስድስት ወር በኋላ ሄዶ በመጠየቅ። ጠቡ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? የሚፈርመው የጠየቀው ሠራተኛ ነው። እነሱ ምንም አይፈርሙም።»

«ማን ነው የሚሄደው?»

 «እኔ» አልኩ። «ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ወር ይቀረዋል።»

ማዕከሉ ቀይ ሆኖ ተመዘገበ። የመዝጋቱ ውሳኔ ግን እኔ ውጤቱን እስካመጣ ድረስ ተላለፈ።

እንደ ዘጋቢ ዋናውን አስቀድሜ ልንገር፦ ማዕከሉ አልተዘጋም። ከታረቁት መሐል የሚበልጡት እንደታረቁ ነበሩ፤ ካውንስሉም አዲሱን አመልካች ለአንድ ዓመት ሙከራ ተቀበለ። ከዓመቱ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው ተተኪዬ ነው።

ያ አንድ ወር ግን ከሥራ ዘመኔ በሙሉ ደስ ያለኝ ነው። ከትርሲት ጋር ቀጨኔን ከላይ እስከ ታች ዞርን። በየቤቱ ስንገባ «እግር ጥሎን ነው» ትላለች፤ ማንም አያምናትም፤ ግን ይስቃሉ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ከአከራይዋ ጋር ሰላም ናችሁ ወይ ብንላት፣ «ሰላም ነን ወይ? ባለፈው ሲያማት ሐኪም ቤት ማን የወሰዳት መሰላችሁ?» ብላ ተቆጣችን። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ «ከጎረቤቴ ጋር ታርቀን ነበር፤ ሰኞ ዕለት ግን ተጣላን። ኀሙስ እንታረቃለን፤ ዓርብ ኑና ጠይቁ» አሉን። በዓርቡ ሄድን። እውነታቸውን ነበር። ጉልበቴ ዳገቱን ሲያማርር ትርሲት ቆም ብላ ትጠብቀኛለች፤ ለምን እንደቆመች አትናገርም።

በመጨረሻው ቀን የተመለስነው በሽሮ ሜዳ በኩል ነው። አስካለ በሩ ላይ ቆማ አየችን።

«ሠፈሩን ሁሉ ጠይቃችሁ እኔን ዘለላችሁኝ?»

«አስካለዬ፣ ያንቺ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። እኛ የምንጠይቀው በእርቅ ያለቀውን ነው» አለቻት ትርሲት።

«ታርቀን አልነበረም? አንቺው ፊት አይደለም የሳመኝ? በሉ ጠይቁኝ።»

ትርሲት ወደ እኔ ዞረች። ቅጹን አወጣሁ። ስሟን ጻፍኩ፣ የወንድሟንም። ከቆርቆሮው ማዶ የሽመናው ድምፅ ይሰማል።

«ከወንድምሽ ከአበራ ጋር ሰላም ናችሁ?»

መልሱን ለእኔ ብቻ አልተናገረችም፤ ወደ ቆርቆሮው ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አይደለንም! ጻፉት።»

ጻፍኩት። ከታች ፈረምኩ። ከማዶ ሽመናው ቆሟል። ቅጹን አጣጥፌ ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ሦስታችንም ጥቂት ቆየን፤ ሽመናው ቶሎ አልቀጠለም።